መልእክቱ አይቸኩልም

አሁን የሚያየኝ ሰው ብስክሌተኛ ነበርኩ ብዬ ብነግረው አያምንም። ጫማዬን ለማሰር ስጎነበስ እንኳ ሁለቴ አርፋለሁ። ግን ነበርኩ። ይህችን ገጠመኝ ለማውራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ የምነግራችሁም ደፍሬ አይደለም፤ ይዤው መዞሩ ስለሰለቸኝ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ዙፋኑ ሊነቃነቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም። መርካቶ አንድ ጫማ መሥሪያ ውስጥ ቆዳ እቆርጣለሁ፤ ቤቴ ኮልፌ ነው። ስድስት ቀን አጎንብሼ ስቆርጥ እከርምና እሁድ ሲሆን ያቺን አሮጌ የጣሊያን ብስክሌቴን ይዤ እወጣለሁ። የትም ለመድረስ አይደለም። ሰፈሩን የሚያናድደውም ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ወይ ተላላኪ ነው፣ ወይ ዳቦ አመላላሽ ነው። ሥራ ሳይኖረው ዳገት የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም።

"ዛሬስ ወዴት ነው?" ይሉኛል።

"እስከ ገፈርሳ።"

"ገፈርሳ ማን አለህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ልታመጣ?"

"ምንም። ደርሼ እመለሳለሁ።"

"አይ! ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል!" ብለው ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ። ስድስቱን ቀን የሚያስችለኝ ያ አንድ ቀን እንደሆነ ለማን ብዬ ላስረዳ?

ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ እማማ ወርቄ የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ባላቸው ቀድሟቸው ሞቶ፣ አንዲት ልጃቸውን አስካለን በቅቤ ንግድ ያሳደጉ ሴት ናቸው። አስካለ ታዲያ እናቷ ያሰቡላትን ሰው ትታ ቶሎሳ የሚባል አናጺ ተከትላ መናገሻ ገባች። እማማ ወርቄ በሰው ፊት፣ "ከእንግዲህ ከአፌ ምርቃት አታገኚም!" አሉ። ሳይመረቁ ጎጆ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተላከ። እናት፣ "ራሷ ትምጣና ይቅርታ ትጠይቀኝ" አሉ። ልጅ ደግሞ፣ "ቀድማ ካልጠራችኝ እግሬ ኮልፌን አይረግጥም" ብላ ማለች። አራት ዓመት እንዲህ ተፋጠው ኖሩ። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች ግልጽ ነው።

ወደዚያች እሁድ ልምጣ። መጋቢት ሊያልቅ አካባቢ ነው። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ አድሮ ሲነጋም አልተወም። ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ የእድራችን ዳኛ አባባ ደገፉ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የእድሩን ድንኳን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በትልቅ መርፌና በሲባጎ ይሰፋሉ። ወደ እማማ ወርቄ ቤት ሳይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሲገቡ አየሁ።

"አንተ ልጅ፣ ና እስቲ" አሉኝ አባባ ደገፉ። "ዛሬ ወዴት ነህ?"

"ነፋሱ ካልመለሰኝ እስከ ገፈርሳ ነኝ፣ አባባ።"

"ትንሽ ጨምረህ መናገሻ ግባልኝ። ለአስካለ፣ እናትሽን ትንሽ አመም አድርጓታል፣ እየጠራችሽ ነው፣ ነይ በላት።"

"ትንሽ?"

"ትንሽ ነው አልኩህ። አውቶቡሱ ማለዳ ወጥቷል፤ ሌላው የከሰዓት በኋላው ነው። አንተ ትቀድመዋለህ። አደራ፣ ፍጠን።"

ይህን ሁሉ ሲሉ ዓይናቸውን ከድንኳኑ ቀና አላደረጉም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ አገር ሰው "ሞተ" አይባልም። በሩቅ ያለ ዘመድ የሚጠራው "ትንሽ አመም አድርጎታል" ተብሎ ነው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነው የሚነገረው። "ትንሽ አመም አድርጎታል" ሲሏችሁ ሬሳው ተገንዞ እናንተን እየጠበቀ ነው። ድንኳኑ ደግሞ ይኸው እየተሰፋ ነው። ሴቶቹም እየገቡ ነው። እማማ ወርቄን ትናንት በእግራቸው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ ቢሆንም ሞት መቼ ቀጠሮ ያከብራል? "እሺ አባባ" አልኩና በሆዴ "ነፍስ ይማር" ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

አስኮ ላይ የአምቦን መንገድ ስይዝ ነፋሱ ፊት ለፊት ተቀበለኝ። ብስክሌት የነዳ ያውቀዋል፤ ዳገት አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፣ ነፋስ ግን ማለቂያው አይታይም። ሳንሱሲን ሳልፍ አቧራው ዓይኔንም ጥርሴንም ሞላው። ቡራዩ ሳልደርስ ባርኔጣዬን ነጠቀኝ፤ ልመለስና ላንሳው አልኩና ተውኩት። ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳሉን ካልረገጥኩ ብስክሌቷ ትቆማለች። ሌላ እሁድ ቢሆን ገና ድሮ ዞሬ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ እየዘፈንኩ እገባ ነበር። አደራ ይዞኝ ነው እንጂ።

ገፈርሳ ስደርስ ከመናገሻ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣ። አምስት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ ጠብታ ጣል ጣል አለ፤ ቀጥሎ በረዶ። ሽምብራ ያክላል ስል ባቄላ አከለ። ራሴን በአንድ እጄ ሸፍኜ በሌላው መሪውን ይዤ ስታገል ነፋሱ ከጎን መጥቶ ከነብስክሌቴ ቦይ ውስጥ ወረወረኝ። ጉልበቴ ተልጦ ደም ወረደ። መብረቁ የገፈርሳው ግድብ ላይ ሲያርፍ ስሙን ያልጠራሁት ቅዱስ አልቀረም። ብስክሌቷን እየጎተትኩ ጭስ ወዳየሁበት ሮጥኩ። የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበር።

"ኧረ ግባ፣ ግባ!" አለች ባለቤቲቱ፤ ጠና ያለች፣ ፊቷ የማይከፋ ሴት ናት። "በዚህ ቀን ምን ልሁን ብለህ ወጣህ?"

"መልእክት አለብኝ፣ መናገሻ።"

"በል ወደ እሳቱ ጠጋ በል። ሰው መጀመሪያ ነፍሱን ነው የሚያድነው።"

የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይነዳል። ኮቴን አውልቃ እሳቱ ዳር ሰቀለችልኝ። ሻይና ዳቦ ሰጠችኝ። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። በረዶው ግማሽ ሰዓት ያህል ወርዶ አባራ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝም፤ እኔም በራሴ አልፈርድም። ጉዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ነፋሱ አላባራም። በበሩ ቀዳዳ ይጮኻል። እግሬ ዝሏል፣ ጉልበቴ ይጠዘጥዛል፣ ገና ዳገት አለብኝ። ሌላ ሻይ አዘዝኩ። ባለቤቲቱ ብርጭቆውን ስታስቀምጥልኝ፣

"ወንድምዓለም፣ አባርቷል እኮ። መልእክት አለብኝ ብለህ አልነበር?" አለችኝ።

"መልእክቱ አይቸኩልም" አልኳት።

እንዲህ ነው ያልኩት፤ ቃል በቃል። የሞተ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ቀብሩ እንደሆነ ነገ ነው። ምርቃቱም ከአፋቸው ሳይወጣ ከእሳቸው ጋር ሄዷል። አስካለ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ብታለቅስ የሚጎድልባት ምንድን ነው? እንዲያውም ሁለት ሰዓት በሰላም ትቆይ ብዬ አዘንኩላት፤ አያችሁ ደግነቴን። ሦስተኛውን ሻይ ጠጣሁ። አንድ ዙር ዳማ ተጫውቼ ተበላሁ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሰባት ሰዓት መሆኑን ሲናገር ነው የባነንኩት። ኮቴ እስኪደርቅ፣ የጎበጠ ፔዳሌን በድንጋይ እስካቃና ሰባት ተኩል ሆነ።

የአስካለ ቤት እዚያው መናገሻ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ስደርስ ነፋሱ ከገመድ የጣለባትን ልብስ ከጭቃ ትለቅማለች። አየችኝ። የያዘችው ልብስ ተመልሶ ጭቃው ላይ ወደቀ።

"ሽፈራው? ምን ሆነህ ነው? ደምተሃል እኮ!"

"ምንም አልሆንኩ፣ ወድቄ ነው። እማማ ወርቄን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል። እየጠሩሽ ነውና ነይ ብለው ልከውኝ ነው።"

ጭቃውን ከእጇ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መቼ?" አለች።

"አላየሁም፣ አላውቅም" ማለት ይቻል ነበር። እውነቱም እሱ ነው። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። እኛ ዘንድ አንገት መድፋት መልስ ነው።

እሪ አለች። ጎረቤት ሁሉ ደረሰ። ቶሎሳ መጋዙን እንደያዘ ከጓሮ ሮጦ መጣ። የቸኮለ ሰው አልነበረም፤ ለምን ይቸኩላል? አንዷ ፊቷን ታጥባታለች፣ ሌላዋ ጥቁር ልብስ ልታመጣላት ትሄዳለች፣ አንድ ሽማግሌ "ልቅሶ ብቻዋን አትሄድም፣ አጃቢ ይሰብሰብ" ይላሉ። ቶሎሳ እንጨት የጫነ የጭነት መኪና ለምኖ ሲያስቆም ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ብስክሌቴን ከእንጨቱ ጋር አስረን ሁላችንም ከላይ ወጣን።

አስካለ ጉልበቷን አቅፋ ስታለቅስ ቆይታ ገፈርሳ አካባቢ ወደ እኔ ዞር አለች።

"'እየጠሩሽ ነው' ያልከኝ ለወጉ ነው፣ አይደል?"

የብስክሌቴን ገመድ ማጥበቅ ያዝኩ።

"አራት ዓመት ያችን አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖርኩ" አለች። "አሁን ለወጉ ሰማኋት።"

መኪናው በዚያች ሻይ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ጭሱ አሁንም ይወጣ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ኮልፌ አሥር ሰዓት ገደማ ገባን። አስካለ ከመኪናው እንደወረደች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች፣ "እማዬ! ሳልታረቅሽ! እማዬ፣ ሳትመርቂኝ!" እያለች ወደ መንደሩ ገባች። አጃቢው ተከተለ። ያኔ ነው አባባ ደገፉ በባዶ እግራቸው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ከእማማ ወርቄ ግቢ ሲሮጡ የወጡት።

"ዝም በይ! ዝም በይ አንቺ ልጅ! አለች እኮ! በሕይወት አለች!"

አስካለ አላመነቻቸውም። "ተዉኝ አባባ፣ እንዲህ ነው የሚባለው! ልቅበራት፣ ተዉኝ!" ብላ እየታገለች ገፍታቸው አለፈች። እኔም ተከትያት ገባሁ።

እማማ ወርቄ መደባቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል። አስካለን ሲያዩ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። እንደገና ሞከሩ፤ የለም። አስታማሚያቸው እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን በነጠላ ጠረግ እያደረጉላቸው፣

"ሌሊት ነው የጣላት" አሉ። "ሐኪም መጥቶ አይቷት፣ ከአሁን በኋላ በእግዜር እጅ ናት ብሎን ሄደ። ምላሷ ግን ደህና ነበር። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል 'አልመጣችም? በአፌ ልመርቃት እኮ ነው፣ አልመጣችም?' ስትል ነበር። ከዚያ ተሳሰረባት።"

ስምንት ሰዓት ተኩል። እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ይህ ግን ራሱ ተሠራብኝ። በረዶው እንዳባራ ብነሳ ኖሮ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ነበርን። ግማሽ ሰዓት ይተርፈን ነበር። ለምርቃት ግማሽ ሰዓት ምን አነሰው?

አስካለ የእናቷን እጅ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች። ጣቶቹ ትንሽ ፀጉሯ ውስጥ ገቡ። አባባ ደገፉ፣ "ይኸው መረቀችሽ፣ ልጄ፤ እግዜር ያውቃል" አሏት። እሷም "አዎ" አለች። ዓይኗ ግን ከእናቷ ከንፈር አልተነሳም።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አባባ ደገፉ ተከትለውኝ መጡ።

"ምን ብለህ ነግረሃት ነው እንዲህ እያለቀሰች የመጣችው?"

"እርስዎ ያሉኝን ነው። ትንሽ አመም አድርጓቸዋል አልኩ።"

"ታዲያ!"

"ድንኳን ሲሰፉ አይቼ ነው፣ አባባ! እኔም ሞተዋል ብዬ ነው!"

ሽማግሌው ድንኳኑ ወዳለበት ወደ ደጃቸው አመለከቱ። "ድንኳኑንማ ባለፈው ቀብር ላይ ነፋስ ቀዶት ነው። ደግሞ ነፍስ ያላትን ሰው ልትሞት ነው ብዬ ልላክህ? ሟርት አይሆንም?" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም የለመድነውን ነው ያደረግነው። ስለ ሻይ ቤቱ ግን አልነገርኳቸውም።

እማማ ወርቄ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ያ ድንኳን ተተከለ። ሦስቱን ቀን ሙሉ የሰፈሩ ሰው ትከሻዬን እየመታ፣ "በዚያ ነፋስ! በዚያ በረዶ! እግርህ ይባረክ!" አለኝ። በብስክሌቴ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ መረቁኝ። አስቡት እስቲ፤ ለእሷ ያልደረሰው ምርቃት በእኔ ላይ ሲዘንብ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ቁስል ለእንግዳ ያሳዩ ነበር።

ዛሬ አባባ ደገፉ የሉም። የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መልእክት በላክሁ ቁጥር "ሞቷል" ወይም "አልሞተም፣ ድረስ" ነው የምለው። ጨካኝ፣ ወግ የማያውቅ እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። ችግሩ እሱ አይደለም። ችግሩ "አልሞተም" ስላችሁ አታምኑኝም! ጥቁር ለብሳችሁ ትመጣላችሁ። ስለዚህ አሁን ስልኩን ለበሽተኛው ጆሮ ነው የማስጠጋው፤ ራሱ ያናግራችሁ። እናንተም ብትሆኑ "ትንሽ አመም አድርጎታል" ስትባሉ ሰውየው በሕይወት እንዳለ ቁጠሩና ሩጡ። ሞቶ ከሆነ መሮጣችሁ ምንም አይጎዳችሁም።

ለአስካለ ስለነገርኩበት ቀን ላውራና ላብቃ። ዓመት ያህል ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ሰቅያት ኖርኩ። ከዚያ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን፣ አወረድኳትና መናገሻ ሄድኩ። አስካለ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት። እሳቱን፣ ሦስቱን ሻይ፣ ዳማውን፣ እንቅልፉን፣ "መልእክቱ አይቸኩልም" ያልኩትን፣ ሁሉንም። ትሰድበኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚህ መሃል የአዲስ አበባው አውቶቡስ መጥቶ እፊት ለፊታችን ቆመ። አንድ ሰው ወረደ፣ ሁለት ሴቶች ተሳፈሩ። ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። አቧራው እስኪያርፍ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"አንተ ሁለት ሰዓት ነው ያዘገየኸኝ" አለች። "ይሄ አውቶቡስ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው እደጄ ቆሞ ሲጠራኝ ነበር።"

ብስክሌቷን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችልኝ።

"ና ግባ፣ ሻይ ላፍላልህ" አለችኝ። "ዛሬ የሚያስቸኩል የለም።"